የሚጭረው ብዕር

«የሰውን ሁሉ ብዕር እንደ ቅቤ ሲያለሰልስ ኖሮ፣ የራሱ ግን እንደ ዶሮ ይጭር ነበር እኮ!» አሉ ጡረተኛው ዳኛ፤ ለቅሶ ቤቱም ለአፍታ ሳቀ። ሳቁ ረግቦ ሰው ወደ ሻዩ ሲመለስ፣ የሟቹ፣ የብዕር ጠጋኙ፣ ሴት ልጅ ብቻ ጥግ ላይ እንዳቀረቀረች ነበረች።

የሚገባው ሁሉ ታላቅ ወንድሟን አቅፎ ያለቅሳል፤ እሷን «አይዞሽ» ብሎ ያልፋታል። አይፈረድበትም። አባቱን እስከ መጨረሻው ያስታመመው ወንድሟ ነው፤ እሷ ሌላ ከተማ ሥራ ይዛ አልፎ አልፎ ብቅ የምትል ሆናለች። በገዛ አባት ለቅሶ ላይ እንግዳ መሆን ግን ክፉ ነገር ነው፤ ማልቀሱ ራሱ የሰው ዕቃ እንደመንካት ያሳፍራል። አባቷ ከሞተ ጀምሮ አንዲት ጠብታ እንባ አልወጣትም።

ዳኛው ሲኒያቸውን አስቀመጡና ወደ እሷ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን በኔ ዕድሜ ነገ አይታመንም። አባትሽ ያን ጥቁር ብዕሩን ለብዕር ስብስብህ ይሆናል ብሎ ቃል ገብቶልኝ ነበር። ሁሉ ነገሩ የፋብሪካው ከሆነ ውሰደው፣ አንድ ዕቃ ከተቀየረበት ግን እዚሁ ይቅር ነው ያለኝ። ደግሞ ልጄ ሳታየው እንዳትነካው ብሏል።»

«እኔ? እኔን ነው ያለው?»

«ታዲያ ማንን ይበል? ከሱ ሌላ ይህን ሥራ የምታውቂ አንቺ ብቻ ነሽ።»

ወንድሟ ብዕሩን ከአባታቸው ኮት ኪስ አውጥቶ አመጣላት። «በቃ እይላቸውና እንገላገል» አላት። ከዚህ ቤት የምትመኘው ነገር ቢኖር ይህ ብዕር ነበር፤ ግን ጥላ የሄደች ልጅ በምን አፏ ትጠይቅ?

መሥሪያ ክፍሉ ገብታ በሩን ዘጋች። ከመስኮቱ ሥር የአባቷ ዝቅተኛ በርጩማ፣ ቀለም የጠጣው ጠረጴዛና ማጉያ መነጽሩ እንደነበሩ ናቸው። ልጅ ሆና እዚሁ አጠገቡ ትቀመጥ ነበር። «መጀመሪያ እዪ እንጂ አትክፈቺ» ይላታል። «የወርቅ ጫፉን መጨረሻ ላይ አድርጊው። ወርቁ ዓይንሽን ከወሰደው ሌላውን አታዪም።»

እንዳስተማራት አደረገች። የፋብሪካው ጽሑፍ ደብዝዟል እንጂ አልተፋቀም። ክዳኑና አካሉ እኩል ወይበዋል፤ አብረው ያረጁ ናቸው። ማንጠልጠያው ብየዳ አልነካውም፤ ቀለም መሳቢያው ማንሻም የራሱ ነው። ውስጥ ያለው፣ ቀለም የሚይዘው ጎማ አዲስ ነው፤ ጎማ ግን አይቆጠርም፣ ጎማ የማይበሰብስበት ብዕር የለም። አንዱን አይታ ወደሌላው ለመሄድ ዘገየች። ብዕሩ ሊሄድ ነው። ዋሽታ ማስቀረት ትችል ነበር፤ ግን የሱ ልጅ ሆና በዕቃ ላይ መዋሸት አይሆንላትም።

ጫፉ ቀረ። መነጽሩን አስጠጋች።

ወርቁ ላይ ያለው ማኅተም የሌላ ፋብሪካ ነው። ደግሞም ርካሽ፣ ለተማሪ የሚሠራ። ያ «ቅይጥ ብዕር አታሳዩኝ» እያለ ደንበኛ የሚያባርር ሰው ይህን በኪሱ ይዞ ዞረ? ብርሃኑ ላይ አዘንብላ ደግማ አየችው። የጫፉ ጠብታ፣ ወረቀት የሚነካው ነጥብ፣ ተበልቷል፤ ያውም በተቃራኒው ጎን፣ ግራ እጅ በሚበላው በኩል። አባቷ ደግሞ የሚጽፈው በቀኝ እጁ ነበር።

በዚያ ቤት በግራ እጁ የሚጽፍ አንድ ሰው ብቻ ነበር። አስተማሪዎቿ በግራ እጇ በመጻፏ ሲቆጧት፣ የመጀመሪያ ብዕሯን ሰጥቷት «እጅሽን ተዪው፤ ብዕሩ ይልመድሽ» ያላት አባቷ ነው።

የሄደች ቀን ያንን ብዕር እዚህ ጠረጴዛ ላይ ትታው ወጣች። አባቷ «እሺ» ከማለት በቀር ቀና ብሎ አላያትም። ከዓመት በኋላ ለጥየቃ መጥታ የት እንደገባ ስትጠይቀው፣ «ፈታሁት» አላት። ለመለዋወጫ በታተነው ብላ ቂም ያዘች፤ ቂሙን ይዛ ስንት ዓመት ኖረች።

ፈትቶትማል። ፈትቶ ጫፉን የራሱ ብዕር ላይ ተከለው፤ በማይስማማው ቀኝ እጁ፣ እየጫረ፣ እየተሳቀበት ጻፈበት። ለሱ ማለስለስ የደቂቃ ሥራ ነበር። ካለሰለሰው ግን የእሷ እጅ ምልክት ከላዩ ይጠፋል።

ያን ጊዜ እንባዋ መጣ። ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ እንደ ልጅ ተንሰቅስቃ አለቀሰች።

ስትወጣ ዳኛው ቀና ብለው ጠበቋት።

«ጋሼ፣ ጫፉ የብዕሩ አይደለም።»

«የማን ነው ታዲያ?»

«የኔ ነው።»

ዳኛው ሊጠይቁ አፋቸውን ከፈቱና ፊቷን አይተው ተዉት። «እንግዲያው እዚሁ ይቅር» አሉ ቀስ ብለው። ወንድሟ ፈቀቅ ብሎ አጠገቡ ቦታ ለቀቀላት።

«አንቺ ልጅ፣ ጣትሽ ሁሉ ቀለም ሆኗል! ሰው እየገባ ነው፣ ሄደሽ ታጠቢ እንጂ» አለች አክስቷ።

«እሺ» አለች፤ ግን አልሄደችም። ወንድሟ አጠገብ ቆመች፤ ቀለም የነካውን ግራ እጇን ጥብቅ አድርጋ ጨብጣ፣ ለሚገባው ሰው ቀኟን ዘረጋች።