መቱኝ የምትል ቃል

ሃያ ሁለት ዓመት አማርኛ ሳስተምር አንድም ተማሪ «አንተ» ብሎኝ አያውቅም ነበር። ሌላ ሰው ይህን ቢሰማ ክብር ነው ይላል። እኔም እንደዚያ እል ነበር፤ ሃዊ የምትባል የሳይንስ አስተማሪ ወደ ትምህርት ቤታችን እስክትመጣ ድረስ።

ሃዊ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ናት፤ ከቢሾፍቱ ነው የመጣችው። በመጣች በሳምንቷ አምስተኛ ክፍሎች «ቲቸር ሃዊ፣ ነይ እዪልኝ»፣ «ቲቸር ሃዊ፣ ዛሬ አምሮብሻል» እያሉ ከኋላዋ ይግተለተሉ ጀመር። አንቺ ነው የሚሏት፤ የገዛ አስተማሪያቸውን። እኔ ፊት ሲደርሱ ግን ሳቃቸውን ይውጡና ቀጥ ብለው ቆመው «ጋሼ ንዋይ፣ ደብተሬን ያርሙልኛል?» ይላሉ። ቅናት ነው ብዬ ለመቀበል ጊዜ ወስዶብኛል። መጀመሪያ የሥርዓት ጉዳይ ነው እያልኩ በየስብሰባው አነሳው ነበር።

ኅዳር ላይ ተማሪዎቹን ሶደሬ ለሽርሽር ወሰድናቸው። አውቶቡሱ ውስጥ ሃዊ አጠገብ ለመቀመጥ ሁለት ልጆች ተቧቀሱ። እኔ አጠገብ የውሃ ጀሪካን ተቀመጠ። ስንደርስ እሷ ሱሪዋን ወደ ላይ ሰብስባ ከልጆቹ ጋር ውሃ ስትራጭ፣ እኔ ዛፍ ጥላ ሥር የሁሉንም ጫማ ስጠብቅ ዋልኩ። ማታ ለሚስቴ ለአበዛሽ «ልጅቷ ሥርዓት የላትም» አልኳት።

«ቀናህ እንዴ?» አለችኝ፤ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ። እራቴን ትቼ ተነሳሁ።

እንግዲህ ወደዚያች ሐሙስ ልምጣ። የረፍት ሰዓት ነበር፤ ውጭ የአዳማ ነፋስ አቧራውን ስላነሳው መስኮት ልዘጋ ወደ ሃዊ ክፍል ገባሁ። ሃዊ የለችም። ዙህራ የምትባል ልጅ፣ አባቷ ፍራንኮ አካባቢ የጨርቅ ሱቅ ያለው፣ ወንበር ላይ ቆማ ሰሌዳው ላይ አበባ ትስላለች። ከአበባው ሥር «ቲቸር ሃዊ እንወድሻለን» ብላ ጽፋለች። የእጅ ጽሑፏ ቆንጆ ነው። ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

«በረፍት ሰዓት ክፍል ውስጥ መቆየት ክልክል ነው» አልኳት።

«ቲቸር ሃዊ ፈቅዳልኛለች።»

«አጥፊው።»

«ቲቸር ሃዊ ሳታየው?» አለች። ድፍረት አልነበረም፤ እውነት ግራ ገብቷት ነው የጠየቀችኝ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። የእንጨቱን ማስመሪያ ከጠረጴዛው አነሳሁና «እጅሽን ዘርጊ» አልኳት። ትምህርት ቤታችን ውስጥ ዱላ ከተከለከለ ዓመታት አልፈዋል፤ እኔ ራሴ ፈርሜበታለሁ። ሁለት ጊዜ መታኋት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበረታ ነበር፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። አላለቀሰችም። በዚያው እጇ ሰሌዳውን አጠፋችና ወጣች።

ያለቀሰችው ቤቷ ነው። አክስቷ ሱሃይላ የቀላውን መዳፏን በስልክ ቀርጻ ቲክቶክ ላይ ለቀቀችው። ሃያ ሰከንድ ብትሆን ነው። «ማነው እንዲህ ያደረገሽ?» ትላታለች። ዙህራ እያለቀሰች «መቱኝ» ትላለች። «የት?» ስትላት «ቲቸር ሃዊ ክፍል።» በቃ፣ ይኸው ነው። አክስቲቱ ግን ከላይ «ቲቸር ሃዊ የምትባል ጨካኝ መምህርት» ብላ ጻፈችበት።

ጠዋት ስነቃ ሦስት መቶ ሺህ ሰው አይቶታል። የከተማው ሬዲዮ አወራው፤ የዩቲዩብ ሰዎች «ሰበር» እያሉ ጮኹበት። የሃዊን ፎቶ ከፌስቡኳ አውጥተው ለጠፉት፤ ሐይቅ ዳር ቆማ ትስቃለች። ከሥሩ «ሕፃን ገርፋ ትስቃለች» የሚል ተጽፏል። ስልኬን ይዤ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የተሰማኝ ፍርሃት ነው። ቀጥሎ ደስታ፤ አዎ፣ ደስ አለኝ። ከዚያ ደግሞ፣ ሳቁብኝ፣ ቀናሁ። በእኔ ማስመሪያ እንኳ የሚነሳው የእሷ ስም ነው አልኩ።

ዳይሬክተራችን ወይዘሮ ልዩ ጉዳዩ እስኪጣራ ድረስ ሃዊን ከሥራ አገዷት። ዙህራን የሚጠይቃት አልነበረም፤ ቤተሰቦቿ በር ዘግተው ማንንም አናነጋግርም ብለዋል። ሃዊ ዕቃዋን በፌስታል ይዛ ስትወጣ ደረጃው ላይ ተገናኘን። እንዲያ ሆና እንኳ «አካም ቡልተኒ፣ ጋሼ» ብላ እንደ ወትሮዋ በአክብሮት ሰላም አለችኝ። ዓይኗ አብጧል።

«እርስዎ ያውቁኛል» አለች። «ልጅ መትቼ አውቃለሁ?»

«ይጣራል» አልኳት። መንገዱን ለቀቅኩላትና ወረደች።

ቅዳሜ ከሰዓት ማናሴ ቤቴ መጣ። የከተማው ሬዲዮ ጋዜጠኛ ነው፤ ድሮ ተማሪዬ ነበር። መቅረጫውን ሶፋው ላይ አስቀመጠና ሁለት እጁን አጣምሮ፣ ልክ ሰባተኛ ክፍል እያለ እንደሚያደርገው፣ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ ሕዝቡ በአንዲት ቃል ተጣልቷል» አለኝ። «ግማሹ መቱኝ ያለችው ልጆቹን ነው ይላል፤ እነሱ መቱኝ ማለቷ ነው ይላል። ግማሹ ደግሞ የለም፣ አንቱታ ነው፣ አስተማሪዋን ነው ይላል። ሰዋስው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። የትኛው ነው?»

እነሱ ነው ብል ነገሩ የልጆች ጠብ ሆኖ ይቀራል። ሃዊ ሰኞ ክፍሏ ትመለሳለች፤ እኔንም ማንም አይጠይቀኝም። አንቱታ ነው ብል ግን ያቺ ልጅ ከእንግዲህ አዳማ ቀርቶ ባቱም ሻሸመኔም ጠመኔ የሚያስጨብጣት አታገኝም። ሦስተኛም መልስ ነበር፤ እኔ ነኝ ማለት። እሱንም አሰብኩት፣ አላሰብኩትም አልልም። ወዲያው ግን አበባው ከነጽሑፉ ዓይኔ ላይ መጣ፤ እንወድሻለን።

«አንቱታ ነው» አልኩ። ድምፄን አስተካክዬ ቀጠልኩ። «ልጅቷ የተመታችው በብዙ ሰው ቢሆን ኖሮ ልጆቹ መቱኝ፣ እነ እገሌ መቱኝ ትል ነበር። የመቺውን ስም ሳትጠራ፣ እያለቀሰች እንኳ መቱኝ ማለቷ የምታከብረውን ትልቅ ሰው ማለቷ ነው። ልጆቻችንን መምህር አንቱ እንዲባል አድርገን ነው ያሳደግናቸው።»

ማናሴ አመስግኖኝ ሄደ። አበዛሽ ከጓዳ ስትሰማ ነበር። እኔም ውሸት አልተናገርኩም እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። በእርግጥም ከተናገርኩት ውስጥ አንድም ቃል ውሸት አልነበረም። በዚያ ሌሊት እንቅልፌን ጠግቤ ተኛሁ።

እዚህ ላይ ሰው ይታዘበኛል። ልጆቹ ሃዊን አንቺ እንደሚሏት ካንተ የበለጠ የሚያውቅ አለ ወይ ይለኛል። የለም። ሌት ተቀን ያንገበገበኝ እሱው ነው። መቅረጫው ፊት ስቀመጥ ግን የታየኝ የእሷ መውደቅ ብቻ ነበር። ቅናት እንዲህ ያደርጋል፤ ሃያ ሁለት ዓመት ያስተማርኩትን ሰዋስው በአምስት ደቂቃ አስረሳኝ።

ሰኞ ጠዋት የመምህራን ማረፊያ ክፍል ሞልቶ ነበር። የስፖርት አስተማሪው ሰንበታ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ሬዲዮውን ከፈተ። የእኔ ድምፅ ቀድሞ መጣ። አማረልኝ፤ ሞቅ ያለ፣ የተረጋጋ ድምፅ ነው ያለኝ። አንቱታ ነው ስል ሁለት ሦስት አስተማሪዎች አንገታቸውን ደፉ፤ ለሃዊ አዝነው ነው። የሚያዝንላትም ብዙ ነው አልኩ በልቤ።

ማናሴ ንግግሩን ቀጠለ። የመምህሩን ማብራሪያ ይዞ ትናንት እሑድ የዙህራ ቤት እንደሄደ፣ እናቷን ለምኖ እንዳስፈቀደ ተናገረ። በመንገዱም የሃዊን ተማሪዎች አግኝቶ ሲያነጋግራቸው አንድ ነገር ግራ እንዳጋባው ገለጸ። ከዚያ ዙህራን ሲጠይቃት ተሰማ።

«ቲቸር ሃዊን ስታዋሪያት እርስዎ ነው የምትያት?»

ልጅቷ ሳቀች። «ቲቸር ሃዊን? አንቺ ነው የምንላት።»

«ታዲያ መቱኝ ያልሽው ማንን ነው?»

ከኋላ የእናቷ ድምፅ «ንገሪው፣ አይዞሽ» ይላል።

«ጋሼ ንዋይን» አለች። «ቲቸር ሃዊ እዚያ አልነበረችም። አበባ ስስልላት ገብቶ ነው። ለሷ የሳልኩትን አጥፊ አለኝ። እሱ ነው የመታኝ።»

ሰንበታ ስልኩን አልዘጋውም፤ ማስታወቂያ ቀጠለ። ማንም ወደ እኔ አልዞረም፤ ሁሉም በሩን ያያል። ሥራዬ አልቋል፤ ገባኝ። ማታ አበዛሽን ምን ብዬ አያታለሁ የሚለውም መጣብኝ። ሃዊ ግን በዚያች ደቂቃ አልታሰበችኝም፤ ይህን ስናገር አፍራለሁ። በጆሮዬ የቀረው የልጅቷ አነጋገር ነበር። «ገብቶ» አለች። «አለኝ» አለች። «የመታኝ» አለች።

በሐሙስና በእሑድ መካከል አንቱታዬን ከላዬ አንስታዋለች። እኔ ደግሞ ልጅ አንተ የሚለው የሚወደውን ብቻ ይመስለኝ ነበር። የናቀውንም አንተ እንደሚል ለማንም አስተምሬ አላውቅም፤ ዙህራ በራሷ ነው ያወቀችው።