ቆሞ የቀረው ሙሽራ

ፊልሙን የመረጠው ፋርማሲስቱ ነው። «አባትሽን በሳቅ ካልጣልኳቸው እኔ አይደለሁም» ብሎ ለእጮኛው ፎክሮላታል። ስንት ትውልድ ያሳቀ፣ ጥቁርና ነጭ የፍቅር ኮሜዲ ነው። ልጅቷም አባቷ ካልወደደው እንደማታገባው ቁርጡን ስለነገረችው፣ ጨዋታው የዋዛ አልነበረም።

አባትየው ሶፋ ሰሪ ነው። በገዛ እጁ ባለበሰው ሶፋ ላይ ተቀምጦ ፊቱን እንደ ክረምት ሰማይ አጥቁሮታል። ወጣቱ ቀልድ በመጣ ቁጥር ዞር እያለ ያየዋል። እሱ ወይ ፍንክች።

ፊልሙ ላይ ሙሽራዋ ከአዳራሹ ሹልክ ብላ ከአንድ ባለታክሲ ጋር ከነፈች። ጥላው የሄደችው ወንዱ ሙሽራ ሊደርስባት ሲሮጥ ኬኩ ላይ በግንባሩ ተደፋ። ፋርማሲስቱ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«አይ ጅል» አለ እንባውን እየጠረገ።

ሶፋ ሰሪው የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጠፋ።

«ለመሆኑ ያን ሰውዬ ማን ቤቱ አደረሰው?»

ልጅቷ «ፊልም እኮ ነው» ልትል ጀምራ ተወችውና ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃለት መሰለ።

ያኔ ነው የሶፋ ሰሪው ሚስት፣ የወንበር ልብስ ማጣጠፏን ትታ፣ ለልጃቸው እንኳ ነግረዋት የማያውቁትን ያወጣችው። ለሰርግ ወንበር ማከራየት የጀመረችው ገና በልጅነቷ ነው። አንድ ሰርግ ላይ ሙሽራዋ ሳትመጣ ቀረች። እንግዳው ግን ምን ገዶት፣ የቀረበለትን በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ስቆ ሄደ። ከሁሉ አብልጠው የሳቁት የሙሽራው ሚዜዎች ነበሩ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ሶፋ ሰሪው እነዚያን ሚዜዎች ዛሬም መንገድ ላይ ሲያያቸው ይሻገራል።

«ወንበሬን ልሰበስብ ስመጣ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ይሄ ሰውዬ ከነሱፉ ቁጭ ብሏል» አለች። «የተቀመጥክበት የኔ ነው፣ ተነስ፤ ቆመህ ከምትተክዝ ሁለት ሁለት እያረግህ አግዘኝ አልኩት። የመጨረሻዎቹን መኪናው ላይ ጫነና እሱም ወጣ። ይኸው እስከ ዛሬ አልወረደም።»

ሶፋ ሰሪው መሬት መሬት ያይ ነበር። ፋርማሲስቱ ይቅርታ ቢጠይቅ አፉ የሚያሳስተው መሰለው። ተነስቶ ኮሪደሩ ላይ ከኪራይ ተመልሰው ከተከመሩት ወንበሮች አንዱን ብድግ አደረገና ወደ ዕቃ ቤት ወሰደው። ተመልሶም ሌላውን አነሳ።

ሶፋ ሰሪው አየው። ሊያኮርፈው ፈልጎ ነበር፤ ማኩረፍ እንደሆነ የሠለጠነበት ሙያው ነው። ድምፅ አልባው ቴሌቪዥን ላይ ሙሽራዋና ባለታክሲው ሲሳሳሙ የሚያያቸው አልነበረም። ልጅቷ የጓዳው በር ላይ ቆማ አባቷን ታያለች።

«አንድ አንድ ስታመላልስ ልትከርም ነው እንዴ?» አለ፣ ከሶፋው እየተነሳ። «ሁለት ሁለት ያዝ እንጂ፣ ልጄ።»