የደስታ እንባ መስሏቸው

እኛ ሰፈር የኮሌጅ ማመልከቻውን መልስ ብቻውን የሚከፍት ልጅ የለም። ብቻውን ከከፈተ የሚደብቀው ነገር አለው ማለት ነው። ስለዚህ በማርች መጨረሻ ሐሙስ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው፣ አባቴ ቶድ ሊቀርጸኝ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ፊቴ ላይ ደቀነው። እናቴ በቶርንሚር ዩኒቨርሲቲ ቀለም ፊኛ ነፍታለች። አክስቴ ሎርና «እንኳን ደስ አለሽ ኮሪን» የሚል ኬክ ይዛ መጥታለች። ቶርንሚር ከመቶ አመልካች አራቱን ብቻ ነው የሚቀበለው፤ ኬክ ቤቱ ግን ይህን አልጠየቀም።

«ፀጉርሽን ከፊትሽ ላይ አንሺው» አለ አባቴ። «ደግሞ አፍሽን በእጅሽ እንዳትሸፍኚ። ሁሉም ይሸፍናሉ፣ ሰልችቷል።»

«ቶድ፣ ተዋት እንጂ ትተንፍስ!» አለች እናቴ፣ እሷ ራሷ ሳትተነፍስ።

አባቴ የብርዱን ወራት የከረመው ሌሎች ልጆች መልሳቸውን ሲከፍቱ የተቀረጹበትን ቪዲዮ ሲያይ ነው። ይጮሃሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ገብተዋል። ያልገቡት ቪዲዮ አይለጥፉም። ስለዚህ ያልገባ ልጅ ሲያለቅስ አንድም ቀን አይቶ አያውቅም።

ሰዓቱ ደረሰ። ላፕቶፑን ወደ ራሴ አዙሬ ከፈትኩት። «ከረዥም ምክክር በኋላ ቦታ ልንሰጥሽ አለመቻላችንን ስንገልጽ ከልብ እያዘንን…»

ጮህኩ። ከዚያ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

«ገባች!» አባቴ ዘለለ። እናቴ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ሎርና «ተመስገን! እኔማ ኬኩን ሳዝ ፈርቼ ነበር» አለች።

«አይ…» ማለት ጀመርኩ።

«አይ አትበይ፣ እመኚው የኔ ልጅ!»

ላፕቶፑን ከድኜ ሽንት ቤት ገባሁና ቆለፍኩ። የመታጠቢያ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ስልኬን ሳየው አባቴ ቪዲዮውን ለጥፎታል። ሦስት መቶ ሰው ወዶታል። የድጋፍ ደብዳቤ የጻፈችልኝ አስተማሪዬ «እኔም አነባሁ» ብላለች።

ጓደኛዬ ኢሞጀን ደወለች። «አንቺ ሌባ፣ ገባሽ አይደል? እኔን ያመለከትኩባቸው ሦስቱም ኮሌጆች አልተቀበሉኝም።»

«አልገባሁም።»

«በዓይኔ አይቼ?»

«ያየሽው ሳለቅስ ነው።»

ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «ወይ ጉድ! ትምህርት እስኪጀመር እስከ ሴፕቴምበር ልትዋሺ ነው? አባትሽ እኮ ዕቃሽን ጭኖ ይወስድሻል! በሩ ላይ ምን ልትይው ነው?»

እሷ ሳቀች፤ እኔን ግን አላሳቀኝም። አባቴ ታየኝ፦ ትንሽ ማቀዝቀዣ አቅፎ፣ በተማሪዎች ማደሪያው ደረጃ ላይ እያለከለከ፣ ስሜን ከበር በር ሲፈልግ።

በሩ ተንኳኳ።

«ኮሪን! የመጀመሪያው ደብዝዟል፣ እጄ ተንቀጥቅጦ ነው። አንዴ ድገሚልን፣ እንዲያው ያንኑ ልቅሶ!»

ወጣሁ። ሽንት ቤቱ ሌላ መውጫ የለውማ። ሎርና ቢላዋውን ኬኩ ላይ አጋድማ ትጠብቃለች። አባቴ ስልኩን ደቀነ። «ዝግጁ? አንድ፣ ሁለት…»

ላፕቶፑን ከፈትኩና ወደ ካሜራው አዞርኩት።

እናቴ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበች። «እያዘንን» የሚለው ጋ ስትደርስ ከንፈሯ ቆመ። ሎርና ቢላዋውን ቀስ ብላ አስቀመጠችው።

አባቴ ስልኩን ከፊቱ አላወረደም። ከኋላው ያለውን ፊት ማየት አልቻልኩም፤ ከሁሉም ያስፈራኝ እሱ ነው። ይጮሃል ብዬ ትከሻዬን ሰበሰብኩ።

ሲያወርደው ፊቱ አመድ መስሏል።

«ኮሪን» አለ፣ «ለቢሮ ሰዎች ሁሉ ልኬዋለሁ እኮ። ለአለቃዬም። ምን እላቸዋለሁ?»

«አጥፋው፣ አባዬ።»

«አልቻልኩም። አንቺው አጥፊው።»

ስልኩን ከእጁ ተቀበልኩት። አላጠፋሁትም፤ እንደፈራሁ፣ ከቪዲዮው ሥር ጻፍኩ፦ «አልገባሁም። ያለቀስኩት ለዚህ ነው። ኮሪን።»

አባቴ በትከሻዬ በኩል አነበበው። «ላኪው» አለና ዓይኑን ጨፈነ።