የስታማቴላ ቅርጫት

በቀዳም ሥዑር ጠዋት በግሪኳ ደሴት በኮርፉ እንግዳ ማስጎብኘት ቀላል ሥራ አይደለም። ከተማው በሙሉ ቸኩሏል። በየበረንዳው ቀይ ጨርቅ ተሰቅሏል፤ ሴቶች ውሃ የሞሉትን እንስራ እየጎተቱ ወደ ጠርዝ ያስጠጋሉ፤ የሙዚቃ ጓዶች ጥሩምባቸውን እየወለወሉ ይሮጣሉ። አምስት ሰዓት ላይ የትንሣኤው ደወል ሲደወል ያ ሁሉ እንስራ ከየፎቁ ወደ መንገድ ይወረወራል። እስከዚያ ድረስ የማንም ልብ በቦታው አይደለም።

የዚያን ዕለት ከአንድ የሽርሽር መርከብ የወረዱ ጎብኚዎች ተረክቤ ነበር። መርከባቸው ስምንት ሰዓት ላይ ይነሳል። ከመካከላቸው አንዲት ሰፊ ነጭ ባርኔጣ ያደረጉ አሮጊት ዕረፍት ነሱኝ። ስለ አሮጌው ምሽግ ሳወራ ዓይናቸው ሌላ ቦታ ነው። ሰው ሲቆም ይራመዳሉ፤ ሰው ሲራመድ ይቆማሉ። ሰዓታቸውን ያያሉ፤ በእጅጌያቸው ይሸፍኑታል፤ መልሰው ገልጠው ያያሉ። መጸዳጃ ቤት የፈለጉ መስሎኝ አንድ ቡና ቤት ጠቆምኳቸው። በእንግሊዝኛ አመስግነው ከቆሙበት አልተነቃነቁም።

ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሥጋው ሳይፈርስ ለዘመናት የቆየው የደሴቲቱ ጠባቂ ቅዱስ ስፒሪዶን ወጣ። እኛ እዚህ "ዐጽሙ ወጣ" አንልም። ካህናቱ ተሸክመውት፣ የሙዚቃ ጓዱ ከፊት ከፊት በሐዘን ዜማ እየመራው፣ በመስታወት ሣጥኑ ውስጥ ቆሞ ሲያልፍ "ቅዱሱ ወጣ" ነው የምንለው፤ ጎረቤት ከቤቱ እንደወጣ። እንግዶቼ ስልካቸውን አነሱ። አሮጊቷ ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው አማተቡ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ በግሪክኛ፣ ያውም ዘፈን ዘፈን በሚለው በእኛው በኮርፉዎች አነጋገር፣

"ዘንድሮ ጫማውን ቀየሩለት?" አሉኝ።

ደነገጥኩ። ይህን የሚጠይቅ የዚህ አገር ልጅ ብቻ ነው። ቅዱሱ ሌሊት ሌሊት ተነስቶ የተቸገረ ሰው ፍለጋ ስለሚዞር የጨርቅ ጫማው ያልቃል፤ ካህናቱም አዲስ ያደርጉለታል። እንግዳ ሲሰማው ይስቃል። እኛ ግን ስለ ጫማው የምንጠያየቀው ስለ ዘመድ ጤንነት እንደምንጠያየቀው ነው።

"ቀይረውለታል" አልኩ። "እርስዎ የማን ልጅ ነዎት?"

"የማንም። ዝም በል፣ እያለፈ ነው።"

 ዝም ማለት እችልበታለሁ፤ ከሥራዬ ሁሉ እሱ ሳይሻል አይቀርም። ጥሩምባው ከራቀ በኋላ እትዬ ኤቫንቲያ፣ ስማቸው ይህ ነበር፣ ሳልጠይቃቸው ማውራት ጀመሩ። ገና በወጣትነታቸው አግብተው አውስትራሊያ ሄዱ። እህታቸው ስታማቴላ ግን እዚሁ፣ ከገበያው በላይ ባለችው ጠባብ መንገድ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ናት።

"ስታማቴላ? ተሳዳቢዋ?" አመለጠኝ።

ፊታቸው በራ። "አሁንም ትሳደባለች?"

"በዚህ ሳምንት ቄሱን እንኳ 'አባቴ፣ እንደ ፍየል ደረጃዬን አይርገጡብኝ' ብለዋቸዋል።"

ሳቁ፤ ወዲያው ደግሞ ሰዓታቸውን አዩ።

በዚያ ሰፈር ፎቁ ረጅም ነው፣ ደረጃው ጠባብ ነው፣ የሽማግሌ ጉልበት ደካማ ነው። ስለዚህ ሰው ከበረንዳው ቅርጫት በገመድ ያወርዳል። ዳቦው በቅርጫት ይወጣል። የመንገዱ በር የሚከፈትበት ቁልፍም ለእንግዳ በቅርጫት ይወርዳል። ቅርጫት ያልወረደለት ሰው እንደማይፈለግ ያውቃል።

"እናታችን ስትሞት አልመጣሁም" አሉ እትዬ ኤቫንቲያ። "ልጄ ሆስፒታል ተኝቶብኝ ነበር። ግን ይህን አልነገርኳትም። 'ለምን ቀረሽ?' ብላ እንደ ፖሊስ ስትጮህብኝ እልህ ያዘኝ። በዓመቱ መጥቼ ከታች ተጣራሁ። 'ላንቺ ቅርጫት አይወርድም!' አለችኝ፤ ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አታነሳም።"

"ዛሬስ?"

"ዛሬ እንስራ ለመወርወር ትወጣለች፤ ቀርታ አታውቅም። ከታች እቆማለሁ። ቅርጫቱ ከወረደ ወረደ። ካልወረደ መርከቡ አለ። በመርከብ የመጣሁት ለምን መሰለህ? በሩ ቢዘጋብኝ የምሄድበት እንዲኖረኝ ነው።"

እንግዶቼን ሁሉ ይዤ ወደዚያች መንገድ ተጓዝኩ። እንስራ ይሰበራል ስላልኳቸው ደስ ብሏቸዋል። መንገዱ ግን በሰው ተጠቅጥቋል፤ እትዬ ኤቫንቲያ ክንዴን ይጎትታሉ፤ ደወሉ ሊደወል ነው።

"ዞር በል ስፒሮ!" ብዬ ጮኽኩ። ግማሹ ሰው ማን ጠራኝ ብሎ ሲዞር መሐሉ ተከፈተ፤ በቅዱሱ ስም ያልተጠራ ወንድ እዚህ ብዙ የለም። እኔ በሌላ ደሴት ቅዱስ ስም ጌራሲሞስ መባሌ እስከ ዛሬ ያስቀልድብኛል፤ ለእንዲህ ያለው ቀን ግን፣ ሌላው ሲዞር እኔ ስለማልፍ፣ ይጠቅማል።

እንደደረስን ደወሉ ተደወለ። ከዚያ በኋላ ሰማይ የተናደ መሰለ። እንስራው እየተከታተለ ይወርዳል፤ ውሃው ይረጫል፤ ገሉ ከግድግዳ ግድግዳ ይላተማል። ሕዝቡ ከየደጁ ስር ተጠግቶ ያጨበጭባል። እትዬ ኤቫንቲያ ብቻ፣ በዚያ ነጭ ባርኔጣቸው፣ ከእህታቸው በረንዳ ትክክል ስር ወጥተው ቆሙ። ልይዛቸው ብሞክር እጄን መቱኝ።

ከላይ ጥቁር የለበሱት እትዬ ስታማቴላ እንስራቸውን የበረንዳው ብረት ላይ አስደግፈው ብቅ አሉ።

"አንቺ ባለ ባርኔጣ! ዞር በይ ከዚያ! በፋሲካ ሬሳ አልፈልግም!"

እትዬ ኤቫንቲያ አልተነቃነቁም።

"ጌራሲሞ! ይቺ ካንተ መንጋ ናት? ንዳልኝ!"

"እምቢ አሉኝ፣ እትዬ ስታማቴላ!"

"ደንቆሮ ናት? በእጅህ አሳያት!"

ሌላው ሁሉ ወርውሮ ጨርሷል። በመንገዱ የቀረው የእሳቸው እንስራ ብቻ ነው። ሰው ይስቃል።

"እጥለዋለሁ! በቅዱሱ ስም፣ እጥለዋለሁ!"

"ጣዪው!" አሉ እትዬ ኤቫንቲያ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቀና ብለው። "ጣዪው እንጂ! ድሮም አፍ እንጂ እጅ የለሽም!"

ሳቁ ቀስ በቀስ ቆመ። እትዬ ስታማቴላ ጎንበስ ብለው የእህታቸውን ፊት አዩ። ከዚያ እንስራውን አቅፈው ወደ ውስጥ አስገቡት። የበረንዳው በር ተዘጋ።

ተወልጄ ባደግሁበት ከተማ በዚያ ቀን እንስራ ወደ ቤት ሲመለስ አይቼ አላውቅም።

"ዘጋችው" አሉ እትዬ ኤቫንቲያ። ሰዓታቸውን ለማየት እጅጌያቸውን ገለጡ፤ ግን ያዩ አይመስለኝም። "እንሂድ። ሰዎችህም ተሰላችተዋል።"

"ትንሽ እንቆይ።"

"ምን ልንጠብቅ? ነገረችኝ እኮ!"

እንግዶቼ መጉረምረም ጀምረዋል። ከወደቡ የመርከብ ፉጨት ተሰማ፤ የእነሱ ይሁን የሌላ አላወቅሁም፤ ሁሉም ግን እግሩን አነሳ።  እኔ ግን በሆዴ፣ "ቅዱስ ስፒሪዶን፣ ጫማህ ገና አዲስ ነው። እስከ አራተኛ ፎቅ ብቻ ውጣልኝ" አልኩ።

እትዬ ኤቫንቲያ ሁለት እርምጃ እንደሄዱ ከላይ የብረት መቀርቀሪያ ጮኸ። ገመድ እየተንቀረፈፈ፣ ቅርጫት ግድግዳውን እየመታ ወረደ። ፊታቸው ላይ መጥቶ ቆመ። ውስጡ አንድ ትልቅ ቁልፍና አንድ ደረቅ ፎጣ ነበር።

"እግርሽን ጥረጊ!" የሚል ድምፅ መጣ፤ ባለቤቱ ግን አይታይም። "ደረጃዬን በጭቃ እንዳታበላሺው!"

እትዬ ኤቫንቲያ መንገዱ መሐል፣ ገሉ ላይ ቆመው፣ ጫማቸውን ይጠርጉ ጀመር። አንዱን ጠርገው ሲጨርሱ ያንኑ ይደግሙታል። ከዚያ ባርኔጣቸውን አስይዘውኝ በሩን በቁልፉ ከፈቱ።

"መርከቡስ?" አልኳቸው።

"የምን መርከብ?" ብለው ደረጃውን ጀመሩ።

ሌሎቹን ወደቡ አድርሼ፣ አንዲት ሴት ወደ ቤቷ ገብታለች ብዬ ለመርከቡ ሰው ነገርኩ። ፊቱን ቢያጨፈግግም ሻንጣቸውን አምጥቶ ሰጠኝ። ባርኔጣቸውም እኔው ዘንድ ቀርቶ ስለነበር ሁለቱንም ይዤ ተመለስኩ። ሕዝቡ ተበትኗል፤ ጠራጊዎች ገሉን ሰብስበው፣ መንገዱን አጥበው፣ መጥረጊያቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ሊሄዱ ነው።

"ራሳችሁን ጠብቁ!"

ቀና ስል ያ እንስራ የበረንዳው ብረት ላይ ነው። በአንዱ ጆሮ አንዲት አሮጊት፣ በሌላው ጆሮ ሌላዋ ይዘውታል። የያዝኩትን ባርኔጣ አናቴ ላይ ደፍቼ ግድግዳ ላይ ተለጠፍኩ። እንስራው የታጠበው መንገድ ላይ ፈነዳ።

"እናንተ ሰዎች!" አለ አንዱ ጠራጊ መጥረጊያውን ጥሎ። "ሰዓቱ ስንት ሆነና ነው? አሁን እኮ ጨረስን!"

"ምን ላድርግህ!" አሉ እትዬ ስታማቴላ ከላይ። "እህቴ ድሮም ማርፈድ ትወዳለች!"