ሁለተኛው ጥያቄ

ሚስተር ራይማን ሱቃቸውን ሊያስረክቡኝ «ትወስጂዋለሽ ወይ?» ብለው ጠየቁኝ፤ እኔ ጅሏ ደግሞ «ኧረ አይሆንልኝም!» አልኳቸው።

እኛ ቤት ሰው ሲሰጥ ዘሎ መቀበል ነውር ነው። መጀመሪያ እምቢ ይባላል፤ ሰጪው ይለምናል፤ አሁንም እምቢ ይባላል፤ «በሞቴ» ሲመጣ እጅ ይዘረጋል። በጀርመኗ ብሬመን ከተማ «በሞቴ» የሚባል ነገር እንደሌለ እኔ በምን ልወቅ?

ሰውዬው ከዚያ ከብሬመን መጥተው፣ እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ በአንድ ጋራዥ ሚስማርና ቀለም መሸጥ ጀመሩ። ኋላ ሦስት የቤት ማደሻ ዕቃ መደብሮች ከፈቱ። ሚስታቸው ሲሞቱ ሁለቱን ሸጠው የመጀመሪያውን አስቀሩ። ልጅ የላቸውም። ሰማንያ ዓመታቸው ነው፤ አሁንም ደንበኛ የተበላሸውን ዕቃ ይዞ ካልመጣ አዲሱን አይሸጡለትም። እኔም አሥራ ሰባት ዓመት ከሲልቨር ስፕሪንግ እየተመላለስኩ ሙያውን ከእሳቸው ተማርኩ። ያንን ሱቅ እወደዋለሁ፤ የእኔ እንዲሆን ከልቤ እመኝ ነበር።

ስለዚህ ሁለተኛውን ጥያቄ መጠበቅ ያዝኩ። ቀለም ስቀላቅል በአጠገቤ ሲያልፉ ልቤ ይመታል። እሳቸው ግን «ስሂን፣ ትልቁ ብሎን አልቋል» ብለው ያልፋሉ።

ባሌ ጸጋዬ ተናደደ። «ምን ትጠብቂያለሽ? ኮል አድርጊላቸውና እፈልጋለሁ በያቸው!»

«ሰው በአፉ ስጡኝ ይላል እንዴ? ስግብግብ ናት ይሉኛል።»

«እንግዲያው ይሉኝታሽን ቀቅለሽ ብዪው!»

በሦስተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ቢሯቸው ገባሁ። «ሚስተር ራይማን፣ ያን ጊዜ ያሉኝን ነገር እፈልጋለሁ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። ለካ ትናንት ለአንድ ኩባንያ ፈርመዋል፤ ሱቁ ፈርሶ አፓርትመንት ሊሠራበት ነው። እያየኋቸው ለጠበቃቸው ደወሉ። ጠበቃው ውሉ እንደማይፈርስ ነገራቸው። ለመኑት፤ እኚህ ለምነው የማያውቁ ሰውዬ ለመኑት። ከዚያ ስልኩን አስቀመጡ።

«ጠይቄሽ ነበር እኮ» አሉ። «አይሆንልኝም አልሽኝ።»

«እንደገና ይጠይቁኛል ብዬ ነው።»

ግራ ገብቷቸው አዩኝ። «እኔ ሁለት ጊዜ የምጠይቀው የማላምነውን ሰው ነው» አሉ። «አንቺን ግን አምንሻለሁ።»

ልመልስላቸው አፌን ከፈትኩ፤ ለቅሶዬ ቀደመኝ።