ዘንበል የሚል ባቡርና የአቶ ደምለው ግዝት

ሚያዝያ 23 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ የጊዮርጊስ ዕለት፣ የቢቸናው እህል ነጋዴ አቶ ደምለው የስልሳ ስምንት ዓመት ሰው ነበሩ። በዚያ ቀን አንዲት ልጃቸው እስከዳር የወላጆቿን ምርቃት ለመቀበል ከሞጣ መጥታ ነበር። የባቡር ምሕንድስና ተምራ በሙያዋ ሥራ ስላጣች ሞጣ ላይ ሒሳብ ታስተምራለች። አሁን ግን ፈጣን ባቡር ካለበት ሩቅ አገር ለሥልጠና ተጠርታለች።

የንስሐ አባታቸው ቄስ ኃይለ ጊዮርጊስ ከቅዳሴ መልስ ገብተው፣ ማዕድ ባርከው ተቀምጠዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ይርጋነሽ ጠላ ሲቀዱ፣ እስከዳር ስልኳን ከፍታ የዚያን አገር ባቡር ለአባቷ አሳየቻቸው። ባቡሩ እየከነፈ መጣ፤ መታጠፊያው ላይ ሲደርስ መላ አካሉን ወደ አንድ ጎን ጣለ።

«ወደቀ!» አሉ አቶ ደምለው፣ ከመደቡ ብድግ ብለው።

«አይወድቅም፣ አባዬ። ሆነ ብሎ ነው ዘንበል የሚለው።»

«ሆነ ብሎ የሚጋደም በሬ እንኳ አላረሰልኝም! ሰው ጭኖ በሚጋደም ባቡር ነው የምትሄጂው?»

«ተው እንጂ፣ አንተ ሰው!» አሉ ወይዘሮ ይርጋነሽ። «በሬና ባቡር ምን አገናኛቸው? ይህን ሁሉ ዘመን የተማረችው ለመጥመድ መሰለህ?»

አቶ ደምለው ግን በዓይናቸው የመጣው ሌላ ነው። ታናሽ ወንድማቸው ስጦታው፣ ከደጀን ወደ ዓባይ በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ፣ የተሳፈረበት አይሱዙ ዘንበል ብሎ ተገልብጦ፣ እንደ ወጣ ቀርቶባቸዋል። ከዚያ ወዲህ «ዘንበል» ማለት በጆሯቸው መርዶ ነው። የልባቸው ፍርሃት ከአፋቸው ሲወጣ ቁጣ ሆነ።

«በዛሬው ጊዮርጊስ ገዝቼሻለሁ! እዚያ ባቡር እንዳትደርሺ!»

ቄስ ኃይለ ጊዮርጊስ ዋንጫቸውን አስቀመጡ። «ደምለው፣ ግዝት ለደምና ለድንበር ነው። የልጅ መንገድ በግዝት ይዘጋል? በል አሁኑኑ አንሣና ልፍታት።»

«ይቆይ፣ አባቴ።»

እስከዳር አልተከራከረችም። ነጠላዋን አጣፍታ፣ የአባቷን ጉልበት ስማ ወደ ሞጣ ተመለሰች። በቢቸና አገር የተማረ ሰው በብዙ ነገር ይሥቃል፤ የአባቱን ግዝት ጥሶ የሚሄድ ግን እምብዛም አይገኝም።

ክረምቱ ሲገባ አቶ ደምለው ልጃቸውን ሊጠይቁ የሞጣ ሚኒባስ ተሳፈሩ። ከጎናቸው ፈንታነሽ የምትባል ሴት፣ ለታመመች እህቷ የሠራችውን ወጥ ከነድስቱ ጭኗ ላይ አስቀምጣለች። ሹፌሩ ችኩል ነበርና በየመታጠፊያው ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ውጭኛው ጎን ይንሸራተታል። ፈንታነሽ ግን መኪናው ሲታጠፍ ድስቷን ወደ ውስጠኛው ጎን ዘንበል ታደርገዋለች፤ መንገዱ ሲቀና መልሳ ታቀናዋለች። ጠብ ያለ ወጥ አልነበረም።

«አባቴ፣ እርስዎም ዘንበል ይበሉ እንጂ!» አለቻቸው። «ድስቴ ላይ ሊወድቁብኝ እኮ ነው። ወጡ ቅመሙ ሞልቷል፤ ሽማግሌ አያስፈልገውም!»

ተሳፋሪው ሣቀ። አቶ ደምለው ግን መደገፊያውን እንደ ጨበጡ ቀሩ። ለካ ያ ባቡር ዘንበል የሚለው በውስጡ ያለው ሰው እንዳይወድቅ ኖሯል! ይህን ለመረዳት ልጃቸውን አንድ ጊዜ «እንዴት?» ብሎ መጠየቅ በበቃ ነበር።

ሞጣ ሲደርሱ እስከዳርን ከተከራየችው ቤት ደጃፍ አገኟት።

«ልጄ፣ ተነሺ ቢቸና እንሂድ፤ ቄሱ ይፍቱሽ። የባቡሩ ነገር ገብቶኛል።»

እስከዳር በርጩማ አቀረበችላቸው። «የሥልጠና ቦታዬን ለሽታሁን ሰጡት፣ አባዬ። አብሮኝ የተማረ ልጅ ነው። ባለፈው ሳምንት ሄደ።»

«ምነው ብትደውይልኝ?»

«ደውዬ ምን ልበል? የገዘቱኝ እርስዎ ነዎት። እስኪያነሡልኝ ስጠብቅ ነበር።»

አቶ ደምለው በርጩማው ላይ እንደ ተቀመጡ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

በማግስቱ አብረው ቢቸና ገቡ። ቄስ ኃይለ ጊዮርጊስ መስቀላቸውን በራሷ ላይ አኑረው «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉ።

«እንግዲህ ወደ ፈለግሽበት ሂጂ፣ ልጄ» አሏት አባቷ።

«እሺ፣ አባዬ» አለች። የሄደችው ግን ወደ መናኸሪያው፣ የሞጣውን መኪና ለመያዝ ነበር።

ይህን የጻፍሁት ከቤተ ሰቡ አፍ እንደ ሰማሁት ነው። ቀኑንም ሆነ የተባለውን አዛንፌ እንደ ሆነ፣ በዚያ ቤት የነበራችሁ ሁሉ ሳታፍሩኝ አርሙኝ።