በበረኪና የታጠበ ሳረንስት

ሻጋታ ይላታል፣ ሻጋታ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ባዮሎጂ ስታስተምር የኖረችውን ሴት፣ ታላቅ ወንድሟ እጅጌውን ሰብስቦ የሽቦ ብሩሽ እንደያዘ፣ ግድግዳሽ ሻግቶ አጸዳሁልሽ ይላታል፣ ምስጋናም ይጠብቃል። ከትምህርት ቤት መግባቷ ነው፣ ቦርሳዋ ከትከሻዋ አልወረደም። ጓሮው በረኪና በረኪና ይሸታል። ከውኃ ታንከሩ ሥር ያለው ግድግዳ ጠዋት አረንጓዴ ነበር፣ አሁን እንደ ተላጨ ራስ ነጥቷል።

ተረጋጊ፣ ትላለች ለራሷ። ምን ተረጋጊ፣ ሳረንስት እኮ ነው፣ እርጥብ ግድግዳ ላይ የሚበቅል ደቃቅ ተክል፣ ያለ ውኃ የማይወልድ፣ የወንዴው ዘር እስከ ሴቴዋ የሚዋኝበት ጠብታ ይፈልጋላ፣ ለዚህ ብላ አይደል ታንከሩ እያንጠባጠበ ቧንቧ ሠራተኛውን ነገ ና ከነገ ወዲያ ና ያለችው፣ ከዚያ ልጁ እናቱ አናት ላይ ይበቅላል፣ ቀይ ቀጭን ዘንግ፣ ጫፉ ላይ ቆብ የደፋች ሙዳይ፣ እናቱን እየጠባ እስኪበስል፣ ክዳኗ ተከፍቶ ዘሩ እንደ ዱቄት እስኪበን፣ ደርሶ ነበር፣ ነገ ተማሪዎቿን ልታመጣ፣ ቲቸር ፈተና ላይ ይመጣል ወይ የሚሉትን ሁሉ፣ በዓይናቸው ካዩት እንኳ ይህን መጠየቅ ይተዋሉ ብላ።

ወንድም ጋሼ፣ ምነው ቢጠይቁኝ።

ቆሻሻ ለማጽዳት ደግሞ ምን ፈቃድ ያስፈልጋል።

መቼ ጠይቆ ያውቃል፣ የአባታቸውን መጻሕፍት አቧራ ናቸው ብሎ ለባለሱቅ መጠቅለያ የሰጠ እሱ፣ ሊያገባት የመጣውን ሰው፣ ያን ሳቂታ መካኒክ፣ ከደጅ መልሶ ገላገልኩሽ ያላት እሱ፣ እሷም አንገቷን ደፍታ እሺ ወንድም ጋሼ፣ እሺ፣ ምላስ ያልፈጠረባት ይመስል፣ ሰውዬው እኮ ጥግ ላይ ቆሞ ጠብቋት ነበር፣ በመስኮት አይታዋለች።

ብሩሹን ያራግፋል። አረንጓዴ ፍርፋሪ ሲሚንቶው ላይ። እውነተኛ ሥር እንኳ የለው፣ ለመፋቅ ምን ጉልበት ይፈጃል።

የፊት ለፊቱንም ግድግዳ ቅዳሜ መጥቼ አየዋለሁ፣ ይላል።

ቅዳሜ። በየት ገብቶ፣ በቁልፍ ነዋ፣ ታማ የተኛች ጊዜ በሰጠችው፣ ስትድን ባልመለሰው ቁልፍ።

ቁልፉን አምጣ፣ ትለዋለች።

ምን አልሽኝ።

የገረመው ቁልፉ አይደለም፣ አምጣ መባሉ ነው፣ በሆዷ ስንቴ አንተ ብላዋለች፣ በአፏ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ አንቱ ነው፣ ለራሷም ጆሮ አዲስ ነው፣ መዳፏን ዘርግታለች፣ ኪሱን እየዳበሰ ነው፣ ይዳብስ፣ አትቸኩልም።